ቀይ ቀለም ስለተቀባው ዛፍ፣ ለክርስትና አባቴ

ለተከበሩ የሳን ቴልሞ መንደር አስተዳዳሪ
ለካፒቴን ኤልፒዲዮ ባሮንዳ
ባሉበት

እጅዎን በሁለት እጄ ተቀብዬ እንደ ደንባችን ግንባሬን ካስነካሁ በኋላ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የባለቤትዎ የወይዘሮ ኮራሶን ጉልበትስ ተሻለው? ተፋላሚ አውራ ዶሮዎችዎስ ደኅና ናቸው? ይህን ሰላምታ መጀመሪያ በአንድ መስመር ጽፌው ነበር፤ እናቴ አንብባ «አንቺ! ክርስትና ያነሳሽን ሰው እንዲህ በደረቁ ነው የምትጠሪው? አስረዝሚው እንጂ!» ብላ ስለመለሰችልኝ፣ ለውሻዎና ለአዲሱ መኪናዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

የመንደሩን ልጅ ግማሽ ያህሉን ክርስትና ስላነሱ የትኛዋ እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ። የዓሣ አጥማጁ የዶሚንጎ ልጅ ጄሪሊን ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ስለ ባሕር ዳር ዛፎቻችን ጥያቄ ስጠይቅ ማይክራፎኑን ወደ አፍዎ አስጠግተው «እዩልኝ ይቺን! ትናንት አፍንጫዋን የጠረግኩላት ልጅ ዛሬ አክቲቪስት ሆና መጣችልኝ!» ያሉላት ልጅ እኔ ነኝ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ እኔና ጓደኞቼ ባሕሩ ሲሸሽ ከዛፎቹ ሥር ቆሻሻ የምንለቅም፣ እግራችንን ጭቃ የማይለየው ልጆች ብቻ ነበርን። ማዕረጉን የሰጡን እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ጉዳዬ አጭር ነው። በወንዛችን አፍ ላይ ያሉት አሮጌ ባካዋኖች፣ እነዚያ ሥራቸውን እንደ ሸርጣን እግር ጭቃው ላይ ተክለው የቆሙት ዛፎች፣ ከቅዱሳችን በዓል ማግስት ሰኞ ተቆርጠው በቦታቸው «አረንጓዴ መናፈሻ» የሚባል የሲሚንቶ አደባባይ እንደሚሠራ ሰምተናል። እንዳያስቆርጧቸው ልለምንዎት ነው የምጽፈው። ልመና በባዶ እጅ ነውር ስለሆነ ግን አስቀድሜ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በየዓመቱ ስለሚያስተክሉን ችግኝ እናመሰግናለን። ቦታው የተመረጠው ለመንገዱ ቅርብ ስለሆነና ፀሐይዋም ለፎቶ ፊትዎ ላይ በደንብ ስለምታርፍ መሆኑን እናውቃለን። ባሕሩ ርቆ በሸሸበት ሰዓት የባሕር ሣሩን ከአሸዋው እየነቀልን ችግኙን እንሰካለን፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፓንሲት የምንለው የኑድል ምግባችን በነጭ ስታይሮፎም ሳህን ይታደላል፤ ከዚያም ባሕሩ ተመልሶ ችግኙንም ሳህኑንም ይወስዳል። ባካዋን ጭቃ እንጂ ያንን አሸዋ እንደማይወድ የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እርስዎም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነዎትና አይጠፋዎትም። ጭቃ ውስጥ ቆሞ ፎቶ አያምርም እንጂ። በዓመቱ ስንመለስ ቦታው ባዶውን ስለሚጠብቀን፣ ሌላ ቦታ ከመፈለግ ድካም አድነውናል።

፪ኛ፦ ስለ ባነሮቹም እናመሰግናለን። «ባሕራችንን እንጠብቅ» የሚለው ጽሑፍ ከታች በትንሹ፣ የእርስዎ ፊት ከላይ በትልቁ የታተመባቸውን ማለቴ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ተቀደው ባሕር ይገባሉ፤ ከዛፎቹ ሥር ስንለቅም ፈገግታዎን በየሥሩ ተጠምጥሞ እናገኘዋለን። አንዱንማ የአባቴ መረብ ከነጥርሱ ጎትቶ አወጣው። አባቴ ደንግጦ «ኧረ አበልጄ! እዚህ ደግሞ ምን ትሠራለህ?» አለው። አሁን ያ ባነር የአሳማችን ቤት ጣሪያ ሆኗል። ዝናብ አያስገባም፤ አሳማዋም ሽቅብ እያየችዎት በሰላም ትተኛለች። በሥልጣን ዘመንዎ ቤታችን የደረሰ ልማት ይህ ስለሆነ ውለታዎን አንረሳም።

፫ኛ፦ «አፋቸውን ከያዙ ለበዓሉ አዲስ ካናቴራ ይሰጣቸው» ብለው በጸሐፊዎ በኩል የላኩልን ካናቴራ ደርሶናል። ልኩ ትልቅ ስለሆነ አንገቱን ሰፍተን ቆሻሻ እየለቀምንበት ነው።

፬ኛ፦ ይህ የአማችዎን ሲሚንቶ የሚመለከት ነበር። እናቴ አውጪው ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልመለስ።

በየዓመቱ በቅዱሳችን በዓል፣ የተጠበሰው አሳማ ተቆርጦ፣ ቱባ የምንለው የኮኮናት ጠጃችንም አንድ ሁለት ብርጭቆ ከወረደ በኋላ፣ ማይክራፎኑን ይዘው ስለዚያ ትልቅ ማዕበል ይተርኩልናል። ባሕሩ መንደር ውስጥ ሲገባ ትንሽ ልጅ እንደነበሩ፣ አባትዎ በጀልባ ገመድ ከባካዋን ጋር እንዳሰሩዎት፣ እሳቸውም እርስዎንና ግንዱን አንድ ላይ አቅፈው «ኤልፒዲዮ፣ ዛፉን እንዳትለቅ! ሰማኸኝ ልጄ? ዛፉን እንዳትለቅ!» እያሉ እንደጮኹ ይነግሩናል። ሲነጋ ቤቶቹ አልነበሩም፤ ዛፎቹ ግን ቆመው ነበር። እዚያ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያለቅሳሉ። እኛም ታሪኩን በቃላችን እያወቅነው አብረንዎት እናለቅሳለን። ይህን ሥራ ማን አስተማረሽ ብለው በስብሰባው ላይ ጠይቀውኝ ነበር፤ በሕዝቡ ሳቅ መሐል አልመለስኩልዎትም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ታሪክ ከአፍዎ ስሰማ ነው ያደግኩት።

ያ ዛፍ ዛሬም አለ። የገመዱ ጠባሳ ግንዱን እንደ ቀበቶ ዞሮት ይታያል፤ ልጆች ሁሉ እየዳሰሱት ያልፋሉ። ባለፈው ሐሙስ የሚቆረጡትን ዛፎች በቀይ ቀለም ምልክት የሚያደርጉ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ቀለሙን ጠባሳው ላይ ሲቀቡት እያየን «ኧረ ተው፣ ይሄ እኮ የካፒቴን ዛፍ ነው!» ብለን ጮኽን። አንደኛው ብሩሹን ሳያነሳ «ታዲያ የፈረሙት እሳቸው አይደሉ እንዴ?» አለን። እኔ ግን ዛፉ እዚያ ውስጥ መኖሩን ያላወቁ ይመስለኛል፤ ጭቃው ውስጥ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆኖዎታልና።

ቤታችን ከነዚያ ዛፎች ኋላ ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንደምፈራ አልደብቅዎትም። ስለዚህ፣ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከሰኞ በፊት አንድ ቀን ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ ይበሉልን። ለእግርዎ የአባቴን ቦቲ አጥበን አስቀምጠናል። ፎቶ አንሺ ባይመጣ ይሻላል። መናፈሻውን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ያድርጉልን፤ ድንጋይ የምንሸከመው እኛ ነን፤ ስምዎንም በፈለጉት መጠን እንጽፍበታለን።

እናቴ እዚህ ድረስ ካነበበች በኋላ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ዛፎቹ ስታይ ቆየችና «በይ ሂጂ፣ ሰው ሁሉ የሚያነበው ቦታ ለጥፊው» አለች። ሙጫውንም ራሷ አበጀችልኝ።

በቤተ ክርስቲያን ታቅፈውኝ ስለ እኔ ቃል የገቡባትን ቀን እያሰብኩ፣ ጭቃ ባልለቀቀው እጄ፣ በፍጹም አክብሮት፣

የክርስትና ልጅዎና በእርስዎው ሹመት አክቲቪስት፣
ጄሪሊን ዶሚንጎ

ማሳሰቢያ፦ አባትዎ ያሰሩበትን ገመድ ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ የልጅ ልጅዎ ትንሹ ኤልፒዲዮም ልክ ያኔ እርስዎ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ባካዋኖቹ መቆረጣቸው ካልቀረ፣ የሚመጣው ማዕበል ሲመጣ ልጁን ከየትኛው ችግኝ ጋር እንደምናስረው ከወዲሁ ቢያሳዩን መልካም ነው።