በቅዱሱ አንገት ላይ ስለሚቀደደው የማር ማኅተም

ላሊበላ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደጋው ማር አምራቾች ኅብረት የጥራትና የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ
ለክቡር አቶ ዘመን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል፣ ወገብዎስ ያን ሁሉ ስብሰባ ችሎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ ቀን ፀሐዩን፣ ማታ ቁሩን እየቻልን፣ የመጣውን እንግዳ እየተቀበልን፣ ያልመጣውን እየጠበቅን አለን። ቤተሰብዎን፣ ጸሐፊዎን፣ እንዲሁም ማኅተም የሚያትመውን ማሽንዎን ሳይቀር ጤና ይስጥልኝ።

ስሜ ጋሻዬ ውቤ ይባላል። እዚሁ ላሊበላ ሰባት ክፍል ያላት አንዲት የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ፤ ለእንግዶቼም ቁርስ ላይ የላስታን ነጭ ማር ሳላቀርብ ውዬ አላውቅም። ክቡርነትዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ በጥር ወር ብልባላ ላይ በመሩት ስብሰባ የማር ገዢዎች ተወካይ ተብዬ ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ በተባለው ሁሉ ራሴን እየነቀነቅኩ የዋልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ራሴን ቀና አድርጌ መሄድ ስላቃተኝ ነው።

ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላልና፣ ክፍልዎ ስላደረገልን መልካም ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1. ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ አስመሳዮች ባዶ የማር ጠርሙስ እየሰበሰቡ የስኳር ፍል (ስኳር በውሃ አፍልተው) እየሞሉበት በላስታ ማር ስም ስለሸጡ፣ ክፍልዎ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከክዳኑ እስከ ጠርሙሱ አንገት ድረስ የሚለጠፍ የወረቀት ማኅተም አወጣልን። ክዳኑ ሲዞር ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ማኅተሙ የተቀደደበትን ጠርሙስ ማንም ዳግመኛ ሞልቶ ሊሸጠው አይችልም፤ ከወረቀቱ ሥር ደግሞ ማሩን ያመረተው ሰው ቁጥር ተጽፏል። ሐሳቡ እጅግ ያማረ ነው፤ የሚያስፈልገውም ወረቀቱን የሚቀድ ሰው ብቻ ነበር።

2. ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ። በማኅተሙ ላይ ምን ይሣል ተብሎ ሲመከር አንዲት ንብ ወይም አንድ አደይ አበባ ይበቃል ያለ ሰው ነበር አሉ። ክቡርነትዎ ግን ለእኛ ከማሰብ ብዛት ቅዱስ ላሊበላን ከነአክሊሉ፣ ንቦቹ እንደከበቡት፣ በአራት ቀለም አሣሉልን። ክዳኑና ጠርሙሱ የሚገናኙበት መስመርም ልክ በቅዱሱ አንገት ላይ እንዲያርፍ አስለኩ። የላስታ ሰው በየማለዳው የቅዱሱን አንገት እየቀላ ቁርሱን እንዲጀምር ያሰበ አለቃ ከእርስዎ በፊት አልተነሣም፤ ከእርስዎም በኋላ እንዳይነሣ እንጸልያለን።

3. ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። የክፍልዎ ባለሙያ አዳራሽ ሰብስበውን፣ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ክዳኑን አዙረው ወረቀቱን ቀደዱት። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ አንድ አዛውንት ቄስ በቀስታ ተነሥተው ወጡ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ባለሙያው ጸጥታውን አድናቆት መስሏቸው ሌላ ጠርሙስ አንሥተው ደገሙት። ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሲሉም አንድም እጅ አልወጣም፤ እኛ ሹም ሲሳሳት አቀርቅረን ዝም የምንል፣ ከወጣን በኋላ ግን ቤታችን ገብተን የፈለግነውን የምናደርግ ሰዎች ነን። በሪፖርትዎ ላይ ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ ተቀብለውታል ተብሎ መጻፉን ስሰማ፣ ዝምታችንም ድምፅ ተብሎ መቆጠሩ አኮራኝ።

4. ስላስተማሩን አዲስ ሙያም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ባለማኅተም ጠርሙስ ልከፍት ሳነሣ ባለቤቴ የሻረግ እጄን ያዘችኝ፤ እሷ ባለችበት ቤት የቅዱስ ሥዕል እንደማይቀደድ፣ ቀድጄ ብበላም ማሩ ከጉሮሮዬ እንደማይወርድ በአጭሩ ነገረችኝ። ማንቆርቆሪያውን ጣደች። የጠርሙሱን አንገት በእንፋሎቱ ላይ አዙረን አዙረን፣ በቢላ ጫፍ ብንነካው ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሙሉውን ተነሣ። ተሳለመችውና በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አኖረችው። ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ጎረቤቶቼን ስጠይቅ አንዱ በእንፋሎት፣ አንዱ በእርጥብ ጨርቅ፣ ሁሉም እየላጠ ኖሯል። ክፍልዎ እንዲቀደድ ብሎ ያሠራውን ወረቀት አንድም የላሊበላ ሰው ሳይቀድ ዓመቱ አለቀ።

በእኛ ቤት ሠላሳ ሰባት ሥዕል ተጠራቀመ። መጣል ነውር ነው፤ ማቃጠል አይታሰብም፤ የጸሎት መጽሐፉም አልዘጋ አለ። ኅዳር ላይ አንድ አዳም ነኝ ያለ፣ ጋቢው የነጣ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው በየቤቱ እየዞረ መጣ። ሥዕሎቹን ሰብስቦ በክብር ቦታ ሊያኖራቸው እንደሆነ፣ ባዶዎቹ ጠርሙሶችም ለገና ለሚመጡት ምእመናን የጸበል መያዣ እንደሚሆኑ ነገረን። የሻረግ ከደስታዋ ብዛት እንባዋ መጣ። እኔም ጠርሙሶቹን በገዛ እጄ በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ በካርቶን ደርድሬ፣ ሥዕሎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አስረከብኩትና እስከ ውጭ በር ሸኘሁት። ጉልበት ስሞ ሊሄድ ሲል እኔ ከለከልኩት፤ እሱም መርቆኝ ሄደ። ለሌባ ዕቃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ምርቃት ተቀብሎ የሚሸኝ ሌላ ቤት በላስታ ካለ ይነገረኝ።

5. ስለ ፍርድዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ለገና ከሩቅ አገር በእግራቸው መጥተው ለቤታቸው በረከት ይሁን ብለው ማር የገዙ ምእመናን፣ ክዳኑን ሲከፍቱ የስኳር ፍል ሆነባቸው። ሁለት ጠርሙስ ከገዙት አንዱ፣ አንደኛውን ከፍቶ ቀምሶ፣ ሁለተኛውን እንደታሸገ ይዞ ወደ ክፍልዎ መጣ። ክፍልዎም በማጉያ መነጽር መርምሮ ማኅተሙ ሙሉ መሆኑን፣ ቁጥሩም የወይዘሮ ይማርሽ መሆኑን አረጋገጠ።

ወይዘሮ ይማርሽ የብልባላ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ አሥራ ስድስት ቀፎ ብቻቸውን ይጠብቃሉ፤ እኔም ከሃያ ዓመት በላይ ማር የምገዛው ከእሳቸው ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ የላጥኳቸው ሠላሳ ሰባቱም ማኅተሞች የእሳቸው ቁጥር ነበረባቸው።

ክቡርነትዎ በስብሰባው ላይ ማኅተሙ ካልተቀደደ ጥፋቱ የአምራቹ ነው ብለው ደመደሙ። ወይዘሮ ይማርሽ ተነሥተው፣ በቂርቆስ ደጅ ቆሜ ልማል፣ ስኳር ቀላቅዬ ከሆነ ንቦቼ ጥለውኝ ይሂዱ አሉ። እርስዎም ማኅተም ባለበት መሐላ አያስፈልግም ብለው በትሕትና አስቀመጧቸው። ከኅብረቱ ተሰረዙ፤ ስማቸውና ቁጥራቸው በብልባላ ገበያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ያ ወረቀት ደግሞ ሥዕል ስለሌለበት ማንም አልላጠውም። አሁን በገበያው ሲያልፉ ወይዘሮ ስኳር የሚሏቸው አሉ። ለአሸተን ማርያም ዝክር በየዓመቱ ተሸክመው የሚያወጡት ማርም ዘንድሮ፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ተብሎ፣ ከበር ተመለሰላቸው። ያንን ዳገት ማር ተሸክሞ መውጣቱን የለመዱት ሴት ተሸክመው ሲወርዱ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል።

ስድስተኛውን ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ቁጥሩን ግን መጻፍ አልቻልኩም፤ የሚቀጥለው ጥፋት የእርስዎ አይደለምና።

ያ ጠርሙስ በስብሰባው ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እኔም ዘንድ ደርሶ ነበር። በሥዕሉ ግራ ጠርዝ፣ ከአንዲቱ ንብ አጠገብ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል የሰም ጠብታ አየሁ። የሻረግ ማለዳ ስትጸልይ ጧፏን ወደ መጽሐፉ አስጠግታ ነው የምትይዘው፤ ያ ጠብታ የማን እንደሆነ፣ ያ አዳም የተባለው ሰውም ከእኔ የወሰደውን ሥዕል በስኳሩ ጠርሙስ ላይ መልሶ እንደለጠፈው ወዲያው አወቅኩ። መነጽር አላስፈለገኝም። ጠርሙሱን ለጎረቤቴ አቀበልኩ።

ወይዘሮ ይማርሽ በዚያው ቅጽበት ወደ እኔ ዞረው፣ ጋሻዬ ያውቀኛል፣ ሃያ ዓመት ማሬን በልቷል፣ እሱ ይናገር አሉ። አዳራሹ ሁሉ አየኝ። እኔም፣ ክፍሉ ካለ እኔ ምን አውቃለሁ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ከዚያም ቃለ ጉባኤው ሲዞር በሦስተኛው መስመር ላይ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ ያማረ እንዲሆን መጠንቀቄንም አስታውሳለሁ።

ለምን ቢሉኝ ፈርቼ ነው። እንግዳ በጠፋበት በዚህ ዘመን የማረፊያዬ ስም ከአጭበርባሪ ጋር ቢነሣ በሬን የሚያንኳኳ አይኖርም ብዬ ነው። ስሜን ለማዳን የእሳቸውን ስም ሰጠሁ። በዕድሜዬ ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ፤ ሌሎቹን ስናገር እስቃለሁ፤ በዚህ ግን አፍራለሁ። ክፍልዎን በአምስት ቁጥር ሳማ ቆይቼ እዚህ ስደርስ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት እኔ መሆኔን አየሁ። ለየሻረግ ከነገርኳት አሥራ አንድ ቀን ሆኗል። ቁርሴን ታቀርብልኛለች፤ ፊቷን ግን አታዞርልኝም። እንግዶች ማር ሲጠይቁኝ አልቋል እላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ከኋላ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አካባቢ ቆሜ እመለሳለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ዘግይቼ ልጩህ። ክቡርነትዎ የወይዘሮ ይማርሽን ስም ከሰሌዳው እንዲያነሡልኝ፣ ወደ ኅብረቱ እንዲመልሷቸው፣ በሰሌዳው ላይ ባዶ በሚሆነው ቦታም የእኔን ስም ከነማረፊያዬ እንዲለጥፉበት በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ፊርማዬም ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝልኝ፤ ካልተሰረዘም ሐሰተኛ መሆኑ ከጎኑ ይጻፍበት።

ስለ ወደፊቱ ማኅተም ደግሞ አንድ ትሑት ሐሳብ አለኝ። ሥዕል የግድ ካስፈለገ፣ በቅዱሱ ፈንታ የክፍልዎን ኃላፊ ፎቶግራፍ ቢያትሙበት፣ በመላው ላስታ አንድም ሰው ማንቆርቆሪያ ሳይጥድ በየማለዳው በሙሉ ልቡ እንደሚቀደው እኔ ዋስ እሆናለሁ።

እድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ ስብሰባዎችዎ አጫጭር፣ ወንበርዎ የማይወዛወዝ ይሁንልዎ።

በክፍልዎ ብልሃት የተደነቀው፣ በራሱ አንደበት ያፈረው፣
ጋሻዬ ውቤ
የሰባት ክፍል ባለቤትና የሠላሳ ሰባት ጠርሙስ አጣቢ

ግልባጭ፦
ለብልባላ ገበያ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወይዘሮ ይማርሽ (በቃል)

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ለሰው ከማሳየቴ በፊት ትናንት ብልባላ ሄጄ ለወይዘሮ ይማርሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሠላሳ ሰባቱ ሥዕሎች በእጄ የተቀደደ አለ ወይ አሉኝ። አንድም የለም አልኳቸው። ተመስገን አሉ። ይቅር አላሉኝም፤ ለመጠየቅም አፍ አልነበረኝም። በሃያ ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ማር ሳልቀምስ ስወጣ ትናንት የመጀመሪያዬ ነው። ክቡርነትዎ ይቅርታ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ግን ያቀርቡልዎታል፤ ለእንግዳ አይነፍጉም፤ ከመሰረዛቸው በፊት ያሸጓቸው ሁለት ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ አሉ። አደራ፣ እሳቸውን አያስቸግሩ፤ ክዳኑን እፊታቸው እርስዎ ራስዎ ይክፈቱት።