የእማዬ አውራ ጣት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ያ በየሳምንቱ የምታማርርበት ወገብህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። የአባዬ ፎቶ ቤትም ተመስገን ይሠራል፤ መቼም ሰው ጉርድ ፎቶ መነሳት አይተውም። እማዬም ደህና ናት። ደህና ማለት እንኳ ሲያንሳት ነው፤ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ ብቻ፣ አመልህን አውቀዋለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ስለምታቋርጠኝ ነው። ባለፈው ደውለህ፣ ከሁለት ወር በኋላ ባለው ቅዳሜ ገዢ ይዤ እመጣለሁ፣ መኪናችንን ድንቢጥን እንሸጥና እማዬን እኔ ጋ አመጣታለሁ፣ ክፍሏን ቀለም አስቀብቻለሁ አልከኝ። አባዬ እንደሆነ የለም፣ መኪናዋን ማን ሊነዳት ነው ደጅ ተገትራ የምትዝገው አልክ። አፌ ድረስ የመጣውን ነገር ዋጥኩት። እማዬ አጠገቤ ቆማ ትሰማህ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ጨርቅ አነሳችና ወጥታ የድንቢጥን መስታወት ትወለውል ጀመር። ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ለአንተ አሮጌ ሰማያዊ መኪና ናት። ለእማዬ ግን ድንቢጥን ከሸጥክባት፣ ከእንግዲህ ሰው ሲያመጣት የምትመጣ፣ ሲወስዳት የምትሄድ ዕቃ መሆኗ ነው። ይህን ደግሞ ከአንተም ከእኔም በፊት ታውቀዋለች።

ስለዚህ የድሮ ፎቶዎቻችንን ሳጥን ከቁምሳጥኑ አናት አወረድኩት። አቧራው ሲያስነጥሰኝ ዋለ። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባዬ ከከተማ ከተማ እየዞረ ፎቶ ሊያነሳ ሲሄድ አራታችንም ድንቢጥ ውስጥ ተጠቅጥቀን ነበር የምንሄደው። ትዝ ይልህ እንደሆነ ማለቴ ራሱ ያስቃል። አንተ እኮ መኪና ገና ሲነሳ ስለሚያጥወለውልህ መድኃኒትህን ውጠህ፣ ያንን ሐይቅ የተሳለበትን የአባዬን የፎቶ መጋረጃ ተከናንበህ ለጥ ነበር የምትለው። አገሩን ሁሉ ሐይቅ ሥር ተኝተህ ነው ያቋረጥከው!

አሁን ተነስና ሳሎንህ ግድግዳ ላይ የሰቀልከውን ፎቶ አውርደው። አዎ፣ እሱኑ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትኩራራበትን። አባዬ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ መሪውን ጨብጦ ያለበትን። አወረድከው? ጉልበቱን እይ። ያ መለሎ አባትህ ጉልበቱ አገጩን ሊመታ ምን ቀረው? ወንበሩን እንደዚያ ወደ መሪው ያስጠጋው ማነው? ከጀርባው ያለው አበባ አበባ ትራስስ የማን ነው? ደግሞ በቀኝ በኩል ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ድፍን ያለች ነገር ተመልከት። ከመስታወቱ ላይ ያለ እድፍ መስሎህ ባለቤትህ ስትፈገፍጋት አይቻለሁ። የእማዬ አውራ ጣት ናት። አባዬ መሪ ላይ ባለበት ፎቶ ሁሉ አለች፤ ሳጥኑ ሙሉ አውራ ጣት ነው።

ወንድምዬ፣ አባዬ መንዳት አይችልም ነበር።

አትጩህ፤ ቁጭ በልና አንብብ። መንጃ ፈቃድ ነበረው፣ እሱ እውነት ነው። በደመናማ ቀን፣ ቀጥ ባለ መንገድ ተፈትኖ አለፈ። ችግሩ ፀሐይ የወጣች ዕለት ነው። አባዬ ደህና ብርሃን ካየ አለቀ፤ መሪውን ለቀቅ አድርጎ፣ እዩት እስቲ ያንን ኮረብታ እዩት ይላል፣ ድንቢጥ ደግሞ ኮረብታውን ልታየው ትሄዳለች። አንዴ ቦይ ውስጥ፣ አንዴ የሰው አጥር ውስጥ ከገባን በኋላ እማዬ ውረድ አለችው። እሷ የጋራዥ ልጅ አይደለች? አያታችን ግቢ መኪና ስታስወጣና ስታስገባ ነው ያደገችው። ግን መንጃ ፈቃድ የላትም። እሱ ፈቃድ አለው፣ መንዳት የለም፤ እሷ መንዳት አላት፣ ፈቃድ የለም። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሾፌር ነበሩ።

እኔ ደግሞ ረዳታቸው። ሥራዬ ከኋላ ቆሜ በሁለቱ መሀል አንገቴን አስግጌ መንገዱን መጠበቅ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ቆብ ከሩቅ ካየሁ፣ ቆብ! ብዬ እጮሃለሁ። እማዬ ዳር ታስይዛለች፣ የእጅ ፍሬን ትስባለች፣ ውረድ፣ ዙር፣ ቶሎ በል! ትለዋለች፤ እሱ ወርዶ በፊት ለፊት ሲዞር እሷ ተንሸራትታ እሱ ወንበር ላይ ትቀመጥና እጇን አጣጥፋ በመስኮት ወፍ ታያለች። አባዬ በአንደኛ ማርሽ እየነጠረ ፖሊሱን ያልፋል። አንዱ ፖሊስማ አስቁሞ፣ እንዳንተ ያለ ጥንቁቅ ሾፌር አይቼ አላውቅም ብሎ ጨበጠው። አባዬ ያን ቀን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ዋለ። እማዬ በሳቅ ልትሞት!

ምነው ያኔውኑ ፈቃዱን አታወጣም ነበር ትለኛለህ። አባዬ ለዘመድ ለጎረቤቱ እኔ ነኝ የምነዳው ብሎ ጨርሷል። እሷ ፈቃድ ካወጣች፣ ታዲያ ማን ነው ሲነዳ የኖረው የሚል ይመጣል። ልታሳፍረው አልፈለገችም። ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል፣ መንገዱ ራሱ ያውቀኛል ትል ነበር። ስለዚህ ከተማ መግቢያ ላይ ቦታ ይቀያየራሉ፣ እሱ መነጽሩን ያደርጋል፣ እሷ ካሜራውን ትቀበላለች፣ ቀጭ። አንተም ያኔ ነቅተህ ዓይንህን እያሻሸህ፣ አባዬ ደረስን? ትላለህ።

አሁን ወደዚያ ወደምትተርከው ተራራ ልምጣ። አባዬ ፍሬኗ የተበጠሰ መኪና ከተራራ ላይ እንዴት እንዳወረደ እጅህን እያወናጨፍክ ስትተርክ እኔ ስንቴ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ከተራራው ያወረደችን እማዬ ናት። ፍሬኑን ረገጠችው፣ የለም። ደግማ ረገጠችው፣ የለም። አልጮኸችም። ማርሹን እየቀነሰች፣ የድንቢጥን ጎን ከገደሉ በተቃራኒ ካለው የተራራ ግድግዳ ጋር እያፋተገች፣ ቁልቁለቱን ሁሉ ከራሷ ጋር እየተነጋገረች ወረደች። አባዬ ካሜራውን እንደ ሕፃን ታቅፎ አምላኩን ይለምናል። እኔ ቆብ መጠበቄን ትቼ አንተን ከነመጋረጃህ ጭምቅ አድርጌ ይዤሃለሁ። መጨረሻ ላይ የመንገድ ሠራተኞች የከመሩት ጠጠር ውስጥ አስገባቻትና ቆመች። ሰው ከየት መጣ ሳይባል ግር ብሎ መጣ። እማዬ ከወንበሩ ተንሸራትታ ወረደች፣ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት። አባዬ እየተንቀጠቀጠ መሪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ላቡ እንኳ የእውነት ነበር። አንተ የነቃኸው ያኔ ነው። ያየኸውን አየህ።

ግድግዳህ ላይ ያለው ፎቶ የተነሳው ያን ዕለት ነው። እማዬ አፏን ጠርጋ ተመለሰችና ካሜራውን ተቀበለችው። ከኋላው የጠጠሩ ክምር ይታያል። ፎቶው ለምን ደበዘዘ ብለህ ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህ? እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

አባዬን እንዳትታዘበው አደራ። ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ እኔ ስሄድ መንጃ ፈቃዳችን አብሮኝ መሄዱ ነው፣ ያንቺን አውጪ፣ ጎበዝ ሆነሽ ሳለ ከኋላዬ ደብቄሽ ኖርኩ አላት። ‘መንጃ ፈቃዳችን’ ማለቱ አስቋት፣ ስትስቅ አለቀሰች። ከሞተ በኋላ ግን የሟች ስም አይነሳ ብላ ዝም አለች፤ እኔንም ዝም አሰኘችኝ። ዝምታዋን የሰበርከው አንተ ነህ፣ በዚያ ስልክህ። መስታወቱን ወልውላ ስትጨርስ ገባችና፣ ማን ሊነዳት ነው አይደል ያለው፣ ተነሺ እንመዝገብ አለችኝ።

እንዴት ያለ ጉድ እንደገጠመን ልንገርህ። የመንገድ ፈተናው ቀን ፈታኙ፣ እናቴ የሚላት የዋህ ልጅ፣ ብቻዋን እንዳትደነግጥ ብሎ እኔን ከኋላ አስቀመጠኝ። አነዳዷን ሲያይ ፈዘዘ፤ ዳገት ላይ ስታስነሳ መኪናዋ ወደ ኋላ የጣት ያህል እንኳ አልተንሸራተተችም። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ መታጠፊያው ላይ ነጭ ቆብ አየሁ። ምን ነካኝ እስኪ? ቆብ! ብዬ ጮህኩ። እማዬም ሳታስብ ዳር አስያዘች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ፈታኙን ውረድ፣ ዙር፣ ቶሎ በል! አለችው። ልጁ ደንግጦ ወረደ! በፊት ለፊት ዞረ! እማዬ ተንሸራትታ እሱ ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ወፍ ማየት ጀመረች። ፈታኙ መሪውን ይዞ ፖሊሱን በአክብሮት ሰላም ብሎ አልፎ፣ የከተማውን ግማሽ ከነዳ በኋላ ነው ነፍሱን ያወቀው። እናቴ፣ ለመሆኑ ዛሬ ተፈታኙ ማነው? አላት። ወደቅን። በሳቅ አንጀታችን ቢበጠስም ወደቅን።

ያን ማታ ግን ሳቁ ሲያልቅ እማዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ቀረች። ልክ ነው፣ አርጅቻለሁ፣ ልጄ ይሽጣት አለች። እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሳጥኑን አምጥቼ የአባዬን ፎቶዎች ጉልበቷ ላይ ደረደርኩላት፤ ይኼኛው መንገድ የማነው፣ ይኼስ ድልድይ፣ ይኼስ በረሃ እያልኩ። የእኔ ነው፣ የእኔ ነው አለች፣ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ኋላ ላይ እየተቆጣች። ከዚያ ተነሳችና ለሁለተኛው ፈተና አንቺ ከበሩ አታልፊም ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ። ከበሩ አላለፍኩም። አጥሩን ይዤ ጥፍሬን ስበላ ዋልኩ። ስትመለስ ፈታኙ ራሱ በሩን ከፍቶ ነው ያወረዳት፤ እሷ ደግሞ ከመውረዷ በፊት ለሚቀጥለው ተፈታኝ ወንበሩን ወደ ኋላ መለሰችለት። እልል አልኩ፤ የማላውቃቸው ተፈታኞች ሁሉ አብረውኝ እልል አሉ።

የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ በአባዬ ፎቶ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጬ። አትሳቂ፣ ለፈቃድ አይሳቅም ብላት አልሆነም። እየሳቀች ወጣች፣ እየሳቀች ታተመች፤ ከእንግዲህ ያስቆማት ፖሊስ ሁሉ እሷ ስትስቅ ያያል።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ አለ። ከአባዬ የካሜራ ቦርሳ ከውስጠኛው ኪስ ነው ያገኘሁት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ እማዬ እየነዳች ነው፣ ሻርፗን ነፋስ ይዞታል፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ከጎኗ ተቀምጦ ያነሳት እሱ ነው። አልደበዘዘም፣ አልተንጋደደም፣ ጣት የለበትም። ጠርዙ ግን አልቋል፤ ስንቴ እያወጣ አይቶት እንደሆነ እሱ ይወቀው። ግድግዳህ ላይ ያለውን አትጣለው፤ ይህን ከጎኑ ስቀለው።

እንግዲህ የቅዳሜውን ገዢ እግርህን አታድክም በለው። ክፍሉን ቀለም ማስቀባትህ ጥሩ ነው፤ እማዬ በእንግድነት ስትመጣ ታርፍበታለች፣ ሲበቃት ትሄዳለች። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ላመጣልህ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ስጥ፣ መንገዱ አቧራ ነው። ደጅህ ላይ የቆመችው ድንቢጥ አጥርህን ልትነካ ምንም ባይቀራት እንዳትስቅ፤ ማቆም መቼም ለእማዬ አይሆንላትም። ቁልፉን ልቀበልሽ እንዳትል። ወንበሩንም ወደ ኋላ እንዳትገፋው፣ ልኩ እሱ ነው። ካሜራህን አምጣና መሪውን እንደያዘች አንድ አንሳልኝ። አውራ ጣትህ ቢገባበት ግድ የለም።

መንገዳችሁን ሁሉ ቀና ያድርገው፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ደጅህን እንግዳ አያሳጣው። ዙሪያውን ላሳይህ ብላ ስትጠራህ ደግሞ ሥራ አለኝ እንዳትል። መድኃኒትህን እንዳትውጥ፣ ከፊት ተቀመጥ፣ ዓይንህንም ግለጥ።

ከኋላ ወንበር ቆብ ስትጠብቅልህ የኖረች
እህትህ