ኢሳኦን የሸኘንበት ቋንቋ

ይድረስ ከዓይኔ ለማትጠፊው እህቴ፣ ለእትዬ ቺዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የባለቤትሽ የጋሼ ኪንጂ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያስቀምጠዋል? የዘንድሮው ሙቀት ጃፓን እናንተ ዘንድ እንደከፋ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ደህና ነኝ ብልሽ አታምኚኝም። እንበላለን፣ እንሠራለን፣ ቁንዶ በርበሬውም አፍርቷል። ልጄን ኢሳኦዬን ወባ ከነጠቀኝ ወዲህ ግን ደብዳቤ እየጀመርሁ እየተውሁ ነው የዘገየሁት፤ ይቅር በዪኝ።

እንደምታውቂው ሁለቱንም ልጆቼን በቤታችን ጃፓንኛ እንዲናገሩ፣ ጫማቸውን በር ላይ እንዲያወልቁ፣ ምግብ ከመንካታቸው በፊት እንዲያመሰግኑ፣ ወረቀት አጥፈው ወፍ እንዲሠሩ አድርጌ ነው ያሳደግኋቸው። እዚህ ብራዚል ትምህርት ቤቱና መንገዱ ፖርቱጋልኛ ነው፤ እርስ በርሳቸውም በእሱ ይንሾካሾኩ ነበር። ኢሳኦ ከሞተ በኋላ እህቱ ሚዮኮ ጃፓንኛውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። በቋንቋችን ብጠራት በፖርቱጋልኛ ትመልስልኛለች። የእኔ ፖርቱጋልኛ ደግሞ ጨው ገዝቶ ለመመለስ እንኳ አይበቃም። አንዱ ልጄ አፈር ገባ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ እዚሁ ገበታ ላይ ተቀምጣ ልትጠፋብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ ቶኩጂ፣ «ተያት ባክሽ፤ ሲርባት በጃፓንኛ ትጮኻለች» ይለኛል። ራበኝ ማለትንም በፖርቱጋልኛ አደረገችው።

እንዲህ እያለን ሙታን ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት በዓል ደረሰ። ለኢሳኦ የመጀመሪያው ነው። እናታችን እንዳሳየችን ከኪያር ፈረስ፣ ከደበርጃን ላም ልንሠራ ሚዮኮን አጠገቤ አስቀመጥኋት። ፈረሱ ወንድሟን ፈጥኖ እንዲያመጣው፣ ላሟ ደግሞ ቀስ ብላ እንድትመልሰው መሆኑን ነገርኋት። ስንጥሩን ለእግር እየሰካች ሁለቱንም ሠራች። ከዚያ በወንድሟ ፎቶግራፍ ፊት አስቀመጠቻቸውና በፖርቱጋልኛ ታወራው ጀመር። አላስቻለኝም። «ወንድምሽን እንኳ በቋንቋችን ብታናግሪው ምናለበት? አያትሽም ትሰማሻለች እኮ» አልኋት።

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጥርት ባለ ጃፓንኛ፣ «እማዬ፣ እዚያ ያሉት ሁሉ ጃፓንኛ ነው የሚያወሩት። አያቴም፣ የአያቴ እናትም። በፖርቱጋልኛ የሚያጫውተው ማንም የለውም። እኔም ከተውኩት ይረሳዋል። የሚያስቀውን ነገር ሁሉ እኮ በእሱ ነበር የሚነግረኝ» አለችኝ።

እትዬ፣ ሙታኖቻችን ሁሉ ያሉት እናንተ ዘንድ ነው። ከቤተሰባችን በዚህ ምድር የሞተ የመጀመሪያው ሰው ልጄ መሆኑን፣ እዚያም ቢሄድ እንግዳ እንደሚሆን አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ጃፓንኛ የሚናገረውን ኢሳኦ ነው፤ የሚስቀውን ኢሳኦ የምታውቀው እሷ ናት።

በመሸኛው ቀን ላሟን ይዘን ወንዝ ስንወርድ፣ «ምን ልበለው? በእናንተ ቋንቋ አስተምሪኝ» አልኋት። «ቀስ ብለህ ሂድ» የሚለውን በፖርቱጋልኛ ነገረችኝ፤ እኔም ጮክ ብዬ ደገምሁት። ቶኩጂ ፊቱን አዞረ። ሚዮኮ ግን አፏን በእጇ ያዘች። «ኧረ እማዬ! እንዲህ ካልሽውማ በሳቅ ከላሟ ላይ ይወድቃል» አለችኝ፤ በጃፓንኛ። ላሟን ውሃው ላይ ለቀቅናት፤ ከዓይናችን እስክትርቅ ድረስ እሷ እያረመችኝ፣ እኔ እየደገምሁ ውሃው ዳር ቆምን።

ለጋሼ ኪንጂ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ልጅሽን ሱሚኤን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ለጎረቤታችን ለእማማ ቶሜም እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። የእናታችንን መቃብር ስታጥቢ ደግሞ ኢሳኦ ወደ እሷ መሄዱን ንገሪልኝ። ጃፓንኛው ቢደናቀፍበት እንዳትቆጣው፤ የማይገባትን ነገር ቢነግራትም ዝም ብላ ትሳቅለት።

እህትሽ ፉሚኤ
ቶሜ አሱ፣ ብራዚል
ኦገስት 18 ቀን 1966