ከሽንት ቤቶቹ በታች ስላለው ምንጭ

ለክቡር አቶ አካለ ወልድ፣
የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎን ጤና የሚጠብቅ አምላክ ይመስገን፤ እኛ የዋሻ ምንጭ ቀበሌ ሰዎች ግን ጤናችንን ከእርስዎ እጅ ስለምንቀበል፣ ምስጋናውንም ለእርስዎ ማድረስ ግድ ሆነብን። እኔ ጽሕፈት ቤትዎ በቀበሌው ጤና ኬላ የመደበኝ ባለሙያ ነኝ።

፩ኛ. ቀበሌያችን ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነጻ ወጣ ብለው ስለሰቀሉልን ነጭ ባንዲራ እናመሰግናለን። ባለፈው የበጋ ዘመቻ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሽንት ቤት እንዲቆፍር ሲያዙ፣ እንግዶች ከመኪና ሳይወርዱ እንዲያዩት ሁሉም በመንገዱ ዳር በአንድ ረድፍ እንዲሆን መርጠዋል። መንገዱ የሚያልፈው ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት መሆኑን ባመለክት፣ ልማት አደናቃፊ የሚል ማዕረግ ሰጥተውኛል። ጉድጓዶቹ ተቆፈሩ፤ ባንዲራው ተሰቀለ፤ ፎቶው ተነሣ። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ በስብሰባው አልተገኘም ኖሮ፣ በጉድጓዶቹ ያለውን ሁሉ ይዞ ወደ ምንጩ ወረደ።

፪ኛ. ልጆቻችን በተቅማጥ ሲወድቁ፣ ጥፋቱ የእናቶች እጅ አለመታጠብ መሆኑን በአዳራሽ ሰብስበው ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ጎረቤቴ ወይዘሮ የብርጓል፣ ልጇን ወለላን እንዳዘለች ተነሥታ፣ «የኔ ጌታ፣ መታጠቡንስ እታጠብ ነበር፤ በየትኛው ውኃ?» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎ «ሥነ ሥርዓት!» አሉ። ወለላ ያን ሳምንት አላለፈችም። በሪፖርትዎ ላይም የለችም፤ ባንዲራ በተሰቀለበት ቀበሌ በተቅማጥ ሰው አይሞትምና።

አፍልታችሁ ጠጡ እያልሁ ማስተማሬን አላቋረጥሁም። ማገዶው ግን ለእንጀራም አልበቃ።

፫ኛ. ስለ እኔ የሚያደርጉትንም ጥንቃቄ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ታማሚ እናቴ ወዳለችበት ወደ ደብረ ማርቆስ እንድዛወር ከተፈቀደ ቆይቷል፤ መሸኛዬ ግን ከመሳቢያዎ አልወጣም። እንዲወጣ የሚፈለግብኝ ምንጩ ንጹሕ ነው ብዬ መፈረም ብቻ እንደሆነ በትሕትና ገልጸውልኛል። ብፈርም እኔ እሄዳለሁ፣ እነርሱ ይጠጡታል፤ ባልፈርም እቀራለሁ፣ አብረን እንጠጣዋለን። እንዲህ ያለ በር የሌለው ቤት መሥራት የሚችል ሰው፣ ሽንት ቤት የሚሠራበትን ቦታ መምረጥ እንዴት እንዳቃተው ይገርመኛል።

አልፈረምሁም፤ አልፈርምምም። ዝውውር መፍቀድ ካማረዎ፣ ከእኔ አስቀድመው ለሽንት ቤቶቹ ይፍቀዱ፤ ከምንጩ በታች ሰፊ ቦታ አለ። እስከዚያው እዚሁ ነኝ፤ የቆለፉብኝ ከወለላ እናት ጋር መሆኑን ግን አይርሱ።

ባንዲራው በነፋስ እንደሚውለበለብ ስምዎም በየመድረኩ ይውለብለብ እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይፈርም እጅ ጋር እሰናበታለሁ።

ወንጌላዊት ንጉሴ
ከዋሻ ምንጭ ጤና ኬላ

ማስታወሻ፦ የባንዲራውን ዓመት ለማክበር እንግዶች ይዘው እንደሚመጡ ሰምተናል። ባለፈው የታሸገ ውኃ ከከተማ ጭነው መምጣትዎ አሳፍሮናል፤ ዘንድሮ አይቸገሩ፣ የብርጓል ከምንጩ በእንስራ ቀድታ ትጠብቅዎታለች። በአገራችን ወግ መጠጥ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል፤ ይህን ውኃ ያቀረቡልን እርስዎ ነዎትና፣ እጅዎን ታጥበው ይምጡ።