የሪታጅ ሕዋስ እና የእኔ ጓዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለውዷ እህቴ ለዙለይሃ፣ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የጅዳ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? አሠሪዎችሽስ የሰው ወግ ያሳዩሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ሐይቁም እንዳለ ነው፣ ዝናቡም ዘንድሮ ፊቱን አላዞረብንም።

ይህን ደብዳቤ ራዚያ ወደ ጅዳ ስትመለስ በእጇ ትሰጥሻለች። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን እኔና አንቺ ስልክ ላይ ስንገናኝ አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ በመሐል ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ከዚያ ተኳርፈን እንሰነብታለን። ባለፈውም የሆነው ይኸው ነው። ልጅሽ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ዝቅ ያለ ውጤት አመጣች ብዬ ብነግርሽ፣ «ካልሆነላት ምን ታደርጋለች፤ ክረምት ላይ ፓስፖርት አውጪላትና እኔ ጋ መጥታ ትሥራ» ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳብሰለስለው ከረምሁ። የደብዳቤ ጥሩነቱ እስክጨርስ ድረስ አታቋርጪኝም።

ልጅቷ ሰንፋ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነባት። ነገሩ ይገባታል፣ ቋንቋው ያንቃታል። የባዮሎጂ መምህሯ ፈንታሁን የሚባል የአምባሰል ልጅ ነው። እሱም ይህን አይቶ ነው መሰለኝ፣ በወላጆች ቀን ተማሪዎቹ የተማሩትን ለእኛ በገዛ ቋንቋችን እንዲያስረዱን አዘዘ። ለልጅሽ ለሪታጅ ሕዋስ የሚለው ርዕስ ደረሳት።

እንግዲህ ሳቂ። ቤት መጥታ «እሑድ ስለ ሕዋስ ስለማስረዳ ኑልኝ» ስትል፣ ባለቤቴ ጠሃ የሚበላውን ትቶ ተነሣ። ያኔ ቀበሌው በየሳምንቱ የሕዋስ ስብሰባ እያለ ከሥራ አስፈትቶ ለግምገማ ሲያስቀምጠው የነበረውን መቼ ረሳና። «ገና በዚህ ዕድሜዋ ሕዋስ ውስጥ ከተቷት? ይቺ የአደራ ልጅ ናት፣ ፖለቲካ ውስጥ አላስገባትም» ብሎ ትምህርት ቤት ሊሄድ ጫማውን አጠለቀ። በር ላይ አግኝተው የመለሱት ጎረቤታችን ሸህ ሀምዳን ናቸው። እሳቸው ደግሞ «አብሽር ጠሃ፣ ሕዋስ በኪታብ የታወቀ ነው፣ አምስት ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። በትክክል መቁጠሯን መጥቼ እሰማለሁ» አሉት። ሪታጅ ሁለቱም አይደለም ብትል ማን ይስማት። እንዲህ ሆነና አንዱ ፖለቲካውን ሊከላከል፣ አንዱ ሊፈትናት፣ እኔ ደግሞ በሰው ፊት እንዳታፍርብኝ እየሰጋሁ፣ ሦስታችንም ሄድን።

ወላሂ ከእሷ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነኝ። ታውቂኝ የለ፣ የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ የተጠራበትን ድግስ ስመራ የማልደነግጥ ሴት ነኝ። እንግሊዝኛ ሲሉባት አንገቷን የምትደፋው ልጅ ወጥታ ቀጥ ብላ ቆመች። ጠሃ በር አጠገብ መቀመጡን አየችና «የእኔ ሕዋስ ስብሰባም ግምገማም የለበትም» ብላ ጀመረች። አዳራሹ ሳቀ፣ የጠሃም ትከሻ ወረደ። ቀጥላ ወደ ሸሁ ዞራ፣ አምስቱ ልክ እንደሆኑ፣ ነገር ግን ዐይኑም ጆሮውም ምላሱም ራሱ የተሠራው ለማየት ከሚያዳግቱ ደቃቅ ሕዋሳት እንደሆነ በአክብሮት ነገረቻቸው። ሸሁ ጺማቸውን እየዳሰሱ «ሱብሓነላህ» አሉ።

ከዚያ ሕዋስ ማለት የሰርግ ቤት ነው አለች። ዳሱ የሕዋሱ ሽፋን ነው። በሩ ላይ የሚቆመው ሰው እንግዳውን፣ ውኃውን፣ እንጨቱን ያስገባል፣ ውሻውን ይመልሳል፣ ጥራጊውን ያስወጣል፤ ስለዚህ ሽፋኑ ዝም ብሎ ግድግዳ አይደለም፣ ይመርጣል። በዳሱ ውስጥ ያለው ቦታ፣ ሁሉም የሚተራመስበት፣ ሳይቶፕላዝም ነው። ድስቱ ላይ ያሉት ሴቶች ራይቦዞም ናቸው፣ የሚሠሩትም ወጥ ፕሮቲን ይባላል። ሴቶቹ ግን እንዳሻቸው አይሠሩም፣ ከጓዳ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ ሙያው ሁሉ ጓዳ ነው ያለው። ይህን ጊዜ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ «ጓዳው ኒውክለስ ይባላል፤ ኒውክለስ ማለት አክስቴ ፈዲላ ናት» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ስወጣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «ኒውክለስ፣ የት ላድርስሽ?» ይሉኛል። እኔም ሻርፔን አስተካክዬ ደልደል ብዬ እቀመጣለሁ። ሰው በዕድሜው ስንቴ ኒውክለስ ይባላል?

አንጀቴን የበላችኝ ግን ከወላጆቹ መሐል ስለተቀመጠችው ስለ ወዳጃችን ስለ ስህን ስትናገር ነው። ስህን በእኛ ድግስ ሁልጊዜ የክርስቲያኖቹን ወጥ ትይዝልናለች፤ ይህ ድስት የእስላም፣ ያ የክርስቲያን ብላ ለይታ፣ ለየማዕዱ የምታስወጣው እሷ ናት። በሕዋስ ውስጥም ጎልጂ የሚባል አለ አለች ሪታጅ፤ የተሠራውን ተቀብሎ፣ አሽጎ፣ ለማን እንደሆነ ምልክት አድርጎ የሚልክ። «ጎልጂ ከተሳሳተ ሕዋሱ ይታመማል፣ ስህን ከተሳሳተች አገር ይታመማል» ስትል ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል አጨበጨበ። ስህን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። መምህር ፈንታሁንም ለከርሞ በዚሁ በሰርግ ቤቱ ምሳሌ እንደሚያስተምር ተናገረ።

ሲያበቃ አንዲት እናት፣ በክፋት ይሁን በቅንነት እንጃ፣ «እናትሽስ በዚህ ሰርግ ቤት የት ናት?» ብላ ጠየቀቻት። ደሜ ፈላ። አባቷ ሌላ አግብቶ ባቲ ከገባ፣ አንቺም ከሄድሽ ወዲህ ልጅቷ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማችው አላህ ነው የሚያውቀው። መልስ ልሰጥላት ስነሣ ጠሃ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ሪታጅ ግን አልደነገጠችም። «ምድጃውን እኮ ገና አልነገርኋችሁም» አለች። እሳት ከሌለ ወጥም የለ፣ ሰርግም የለ። የሕዋስ ምድጃ ማይቶኮንድሪያ ይባላል፤ የበላነውን አንድዶ ጉልበት የሚያደርግልን እሱ ነው። የጓዳው ሙያ ከአባትም ከእናትም ይወረሳል፣ ምድጃው ግን ከእናት ብቻ ነው የሚመጣው አለች። «እናቴ ጅዳ ናት፤ ዛሬ እዚህ ያቆመኝ እሳት ግን የእሷ ነው» ብላ ሄዳ ተቀመጠች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጠሃም ወደ ቤት ስንመለስ «እንዲህ ያለ ሕዋስ ከሆነስ እኔም አባል ነኝ» አለ።

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁብሽ። ሳሳድጋት የኖርሁት እኔ፣ ሲያማት አጠገቧ ያደርሁት እኔ፣ እሳቱ ግን ያንቺ ሆኖ ተገኘ። ቅናቱ ብዙም አልቆየም፣ ኩራቱ በለጠውና ደረቴ አልበቃ አለኝ።

እንግዲህ ፓስፖርት አላወጣላትም። ብትቆጪም ተቆጪ። እንግሊዝኛውን ክረምቱን ሙሉ ሊያስጠናት መምህር ፈንታሁን ቃል ሰጥቶኛል። አንቺ በሰው ጓዳ ወገብሽ የጎበጠው ልጅሽ ያንኑ ጓዳ እንድትወርስ አይደለም። ሪታጅ ጅዳን ከረገጠች በራሷ ደመወዝ ቲኬት ቆርጣ፣ አንቺን ይዛ ካዕባን ልትዘይር ነው፣ ኢንሻአላህ።

ጠሃ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል። ሸህ ሀምዳን ዱዓቸው አይለይሽም፤ አሁን ሕዋስ ስንት ነው ሲባሉ «አላህ እንጂ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል» ይላሉ። ስህን «ቶሎ ነይና ድስት እንካፈል» ብላሻለች። ሪታጅ ዐይንሽን ትስማለች፤ የራሷንም ቃል ለብቻ ጽፋ በዚሁ ፖስታ ጨምራለች፣ አላነበብሁትም። እናታችን አሚናት ከአምባሰል ወርዳ ይህን ሁሉ ስትሰማ፣ «እንዲያ ከሆነማ እሳቱ የእኔ ነው፤ እናንተ ተቀባዮች ናችሁ» አለችን። ሪታጅም ልክ ናት አለች፤ አንቺም እኔም ያነደድነው የእናታችንን አንድ እሳት ነው። እንግዲያው ዙለይሃ፣ ምድጃችን አንድ ከሆነ ልጅሽ እኔ ዘንድ መቆየቷ ከቤትሽ መውጣት አይደለም።

እህትሽ ፈዲላ
ሐይቅ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.