በሰም የተቀባ ቋጠሮ

ጥቅምት 9

የደንበኛ ጫማ ቁጥር የምጽፍበት ደብተር ነው። ከኋላው ገልብጬ እጽፍበታለሁ።

ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል። ሦስት ጫማ፣ አንድ የቦርሳ ማንገቻ። ደባርቅ እስከ ምሳ ድረስ በጉም ተሸፍና ዋለች። ጣቴ ደንዝዞ ወስፌው ሁለት ጊዜ ወጋኝ።

ከሰዓት አንድ የጎንደር ሚኒባስ ሾፌር ረጅም የካርቶን ቱቦ ይዞ ሱቄ መጣ። "አይቸው ጫማ ሰፊው አንተ ነህ? ይግዛው የሚባል ሰው ከእስራኤል ልኮልህ ነው።" ከፈትኩት። የአሳ ማጥመጃ ዘንግ፣ ሁለት ጥቅል ክር፣ መንጠቆዎች።

ይግዛው... የልጅነት ጓደኛዬ። ባለፈው ወር፣ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ደውሎ "እመጣለሁ" ሲለኝ ለወግ ያህል መስሎኝ ነበር። የምሩን ኖሯል።

ጥቅምት 11

ደወለ። ጥቅምት 29 ይገባል። ለስግድ በዓል መመለስ ስላለበት የሚቆየው አንድ ሳምንት ነው። አንዱን ቀን ዛሪማ ወርደን አሳ እናጠምዳለን አለ። እንደ ልጅነታችን።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ። ክሮቹ ሁለት ናቸው። ቀጭኑ የተሸረበ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ግን ድንጋይ ሲነካው ይቆረጣል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ሁለት ክንድ ናይለን ይቀጠላል። መንጠቆው የሚታሰረው ናይለኑ ላይ ነው። ድሮ ራሴ ነበርኩ የምቀጥለው... አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ቋጠሮ እምቢ አለኝ።"

"ይኼማ ምን ችግር አለው፣ የበቅሎ ኮርቻ የምሰፋ ሰው ነኝ" አልኩት። አፌ መቼም አያርፍም።

ጥቅምት 14

እምቢ አለ።

አቀጣጠሉን በስልክ ነግሮኛል። ናይለኑ ይታጠፋል። የተሸረበው በእጥፉ ውስጥ ይገባል፣ አሥር ጊዜ ይጠመጠማል፣ በገባበት ይወጣል፣ ይጎተታል። ሲወራ ቀላል ነው። ክሩን ከበሩ ሚስማር ላይ አስሬ አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን ሰቀልኩበት። ለጥቂት ቆመ... ከዚያ ሹልክ። አንዲት አስተማሪ ልትወስደው የመጣችው ጫማ ውኃ ገባበት። ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ።

ናይለኑም ያንሸራትታል፣ የተሸረበውም ያንሸራትታል። ሁለት የሚያንሸራትት ነገር እንዴት ተደርጎ ይያያዛል?

ጥቅምት 15

አራት ጊዜ ሞከርኩ። አራቱም ሹልክ። ዘርፈሽዋል "አንተ ሰውዬ፣ ለአንድ አሳ ብለህ ቤቱን ሐይቅ ልታደርገው ነው?" አለች። ሚስቴ መቼም ለኔ አታዝንም።

ጥቅምት 18

ያዘ።

እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? ሰም። ጫማ ስሰፋ ክሩን በሰም ሳላሽ መርፌ አንስቼ አላውቅም። ሁለቱንም ክር አሸሁ፣ ቋጠርኩ፣ ሰቀልኩ። ጄሪካኑ ከጠዋት ጀምሮ ሱቁ እስኪዘጋ ተንጠልጥሎ ዋለ። ዘርፈሽዋልን ጠርቼ አሳየኋት። "ጎሽ" ብላ ጄሪካኑን ለምጣድ ማጠቢያ ወሰደችው።

ጥቅምት 20

ሰሙን ከየት ተማርኩት? ከጫማ ሥራ አይደለም። ከዚያ በፊት ነው።

ዳባት ሳለን። የይግዛው አባት፣ አቶ ፀጋው፣ ቀጥቃጭ ነበሩ። ከመርፌ መንጠቆ ይሠሩልን ነበር። ቤተ እስራኤል ስለሆኑ የእነሱን ሥጋ እኛ ክርስቲያኖቹ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም። አሳ ግን አይታረድም። ከሥጋ ወገን እኔና እሱ አብረን የምንበላው እሱን ብቻ ነበር። ያውም ጣት የምታህል የወንዝ አሳ።

መንጠቆውን የሚያስረው እሱ ነው። ቋጠሮውን በአፉ ያርሰዋል፣ ያጠብቀዋል፣ ለኔ ይሰጠኛል። እኔ ትርፉን በጥርሴ እቆርጣለሁ። አንድ ቀን እናቴ አየች። ጆሮዬን ይዛ "የቀጥቃጭ ልጅ ምራቅ የነካውን አፍህ ውስጥ ታስገባለህ?" አለችኝ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው የሚለውን የሰው ወሬ ታምን ነበር... ነፍሷን ይማር። በማግስቱ የጧፍ ቁራጭ ይዤ ሄድኩ። "በሰም ነው የሚጠነክረው፣ ምራቁ ይቅር" አልኩት። ጧፉንም እኔንም አየ። ከዚያ ወዲያ በሰም ሆነ።

ዋሸሁት። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጥቅምት 25

ሌላም አለ። በ1983 የሄዱ ቀን። ዕቃቸውን ጭነው ሲወጡ ይግዛው በራችን ላይ ቆሞ "አይቸው" ብሎ ጠራኝ። ሁለት ጊዜ። ከጓሮ ነበርኩ። እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። አልወጣሁም።

ይጠይቀኝ ይሆን? ቢጠይቀኝ ምን ልለው ነው? አስታወሰም ረሳም እንጃ። እኔ ግን ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቋጠሮው እንኳ አደራውን ይጠብቅልኝ... ቢያንስ በእሱ አላፍር።

ጥቅምት 29

መጣ። መላጣ ሆኗል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። እጁ በእርግጥ ይንቀጠቀጣል። ሽሮውን በእንጀራ ሲጠቀልል ግማሹ ይፈስሳል። ዘርፈሽዋል "ይብሉ እንጂ፣ አይፍሩ" ስትለው "እኔ አልፈራም እህቴ፣ እጄ ነው የሚፈራው" አላት። በጣም ሳቀች። አማርኛው የሄደ ቀን የነበረው አማርኛ ነው። ዛሬ ሽማግሌዎች ብቻ የሚሉትን ቃል ይላል።

ቋጠሮውን አሳየሁት። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "የለመደ እጅ ነው" አለ። ኮራሁ።

ስለ ጥንቱ ምንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ኅዳር 1

ዛሪማ ደርሰን ተመለስን። ደክሞኛል፤ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

ሊማሊሞን ስንወርድ መጀመሪያ ጃኬት፣ ቀጥሎ ሹራብ አወለቅን። ዛሪማ ሙቀቱ አይጣል ነው። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወረወረ። መወርወሩን እጁ አልከለከለውም። ቆየት ብሎ ዘንጉ ጎበጠ። "ያዘ፣ ያዘ" አለኝ፤ ፊቱ የዚያን ጊዜውን ልጅ ሆነ።

ከዚያ... ሹልክ።

ክሩን ሰበሰበ። ናይለኑ የለም፣ መንጠቆው የለም፣ አሳውም የለም። የተሸረበው ክር ጫፍ ብቻ ተጠምዝዞ ቀርቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደባርቅ ብርድ ላይ ድንጋይ የሆነው ሰም ቆላ ሲወርድ ቅቤ ሆኗል። ጄሪካኑን የሰቀልኩት በጉም ውስጥ ነበር እኮ። ይኼን ከደጋ ሰው በቀር ማን ይሳሳተዋል?

ይግዛው ጫፉን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና አሸተተው።

"ሰም ነው?"

"ሰም ነው።"

"እስካሁን?"

እሱ ወንዙን ወንዙን እያየ "እናትህ ናቸው አይደል?" አለ።

"አውቀህ ነበር?"

"ጆሮህን ሲይዙህ አይቻለሁ እኮ። ጧፉን ይዘህ ስትመጣ ገባኝ።"

ያን ጊዜ ወጣልኝ። "የሄዳችሁ ቀንም ከጓሮ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ጠራኸኝ። ሰምቼ ነው የቀረሁት። ይኼን ሁሉ ዓመት እንዳፈርኩ ነው የኖርኩት፣ ይግዛው።"

ዘንጉን ድንጋዩ ላይ አጋደመ።

"ከፍቶኝ ነበር" አለ። "አልዋሽህም፣ ብዙ ዓመት ከፍቶኝ ነበር። ኋላ ልጆች አሳደግሁ። የኔ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አየሁትና፣ አይቸውም ይኼን ያህል ልጅ ነበር ለካ አልኩ።" ጥቅሎቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጋቸው። "በል ቀጥል፣ ቀኑ እየሄደ ነው።"

ቀጠልኩ። አሥር ጥምጥም፣ በገባበት መውጣት። ልጎትተው ስል "ቆይ" አለኝ። ቋጠሮውን ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል እጁ ተንቀጠቀጠ። ያዝኩለት። በምራቁ አራሰው። "አሁን ጎትት። ቀስ ብለህ።" ጥምጥሙ ተራ በተራ ተሰበሰበና ጥብቅ አለ። ደረቁን ስጎትተው ነበር ለካ የሚሾልከው። የናይለኑ ትርፍ ቀረ። በቦርሳዬ መቀስ ነበረ። በጥርሴ ቆረጥኩት።

አየኝ። ዘንጉን አንስቶ ወረወረ።

ሦስት አወጣን። አንዱ አምባዛ ነው። ቅርፊት ስለሌለው እሱ አይበላውም፣ ወደ ውኃው መለስነው። ሁለቱን እዚያው ጠብሰን በላን። ጨው ረስቼ ነበር። ማናችንም አላነሳነውም።

ቀለለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ይኼን ያህል ከባድ እንደነበር ያወቅሁት ሳወርደው ነው።

ኅዳር 6

ሦስት ጫማ ሰፋሁ። ለጫማ ክር አሁንም ሰም ነው የምቀባው፤ ሥራው ነው።

ዘንጉን ትቶልኝ ሄዷል፣ የዛሪማው ቋጠሮ እንዳለበት። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ ከሱቁ ውጪ ጄሪካኑን ሰቀልኩበት። ዘርፈሽዋል "ደግሞ ጀመረው" ብላ አለፈች። አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ጄሪካኑ ንቅንቅ አላለም።

ትናንት መናኸሪያ ሸኘሁት። ሚኒባሱ ሞላ፣ ረዳቱ በሩን ዘጋ። መንቀሳቀስ ሲጀምር ይግዛው መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አወጣ።

"አይቸው" አለ።

"አቤት" አልኩት። ሁለተኛ መጥራት አላስፈለገውም።