በሙክት የተገዛው ላፕቶፕ

ከባሕር ማዶ ላለሽው ለታናሽ እኅቴ ለጌታነሽ፤

ሰላምታዬ እንደ ዘንድሮው ገብስ ዘለላ የበዛ ይሁንልሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ደረጃ ስታጥቢ የሚያምሽ ጉልበትሽስ? ቤሩት ብርዱ ገባ ወይስ ገና ነው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእመብርሃን አማላጅነት ሁላችንም ደኅና ነን። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ማጭድ እየጠበቀ ነው። እምዬም ደኅና ናት፤ ጆሮዋ ብቻ ከአምናው ዘንድሮ ብሶበታል። ስንጠራት አትሰማም፣ ስናማት ግን ትሰማለች።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የመኳንንት ልጅ ናት። እረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ ሳታመልጠኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። በስልክ ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኝና «ደኅና ነን፣ ደኅና ነን» እያልኩ ካርድሽን እጨርሳለሁ። ወረቀት ላይ ግን እጄ አያፍርም። ፊደል የቆጠርኩት ከስኳር መጠቅለያና ከልጆች ውዳቂ ደብተር ነውና የተንጋደደውን አቃንተሽ አንብቢልኝ።

ነገሩ ይህ ነው። በጥቅምት ስትደውዪ፣ የካቲት ላይ ውልሽ ሲያልቅ እንደማትመጪና ለሁለት ዓመት ደግመሽ እንደምትፈርሚ ነገርሽኝ። ለጽናት ላፕቶፕ ሳልገዛላት፣ ቤቱንም ቆርቆሮ ሳላለብስ ባዶ እጄን አልመጣም አልሽ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ሳትቆጥሪው አልቀረሽም። እሺታ አልነበረም። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ ያንን ወረቀት አትፈርሚ።

ልጄ ጽናት ክረምቱን ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ስለ ዶርሟ ስታወራን ነበር። በአንድ ክፍል ስድስት ሴቶች ናቸው፣ አልጋው ተደራራቢ ነው፣ ለስድስቱም ያለው አንድ ሶኬት ነው። ትምህርቱ አሁን በፍላሽ ነው የሚሰጠው አለችን፤ ኮምፒዩተር የሌላት ልጅ ፍላሿን ይዛ የሰው ፊት ታያለች። የሰው ፊት ደግሞ እሳት ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ምን ይገዛ በሚለው ብዙ ተባባልን። አንቺ የእመቤትሽ ልጆች የሚይዙትን፣ በጣት የሚነካውን ሰሌዳ ልላክላት ብለሽ ነበር። ጽናት ግን የአካውንቲንግ ሠንጠረዥ በእሱ መሥራት በማንኪያ እንደ ማረስ ነው አለች። አባቷ ወዳጆ ደግሞ እንደምታውቂው ግዙፍ ነገር ይወዳል። ሞላሌ ቢሮ ገብቶ ያየውን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትልቁን ኮምፒዩተር ካልገዛን አለ። ዋጋው ይቀላል፣ ሌባም ተሸክሞት አይሮጥም ብሎ ተሟገተ። ልጅቱ ሳቀችና «አባዬ፣ እሱ ከገባ እኔ የት ልተኛ?» አለችው። አዲስ ላፕቶፕስ ብለን ደብረ ብርሃን ጠየቅን። ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረን ወዳጆ ኮፍያውን አውልቆ አየውና መልሶ አደረገው። ከዚያ ወጣን።

መላ የመጣው ከዶርሟ ነው። ራህማ የምትባል የሸዋ ሮቢት ልጅ አለች፤ በተደራራቢው አልጋ ራህማ ከላይ፣ ጽናት ከታች ይተኛሉ። የራህማ ወንድም ዓብዱልቃድር ሮቢት ላይ ስልክና ያገለገለ ላፕቶፕ ይሸጣል። ልጆቹ በስልክ ተመካከሩና፣ አዲስ የሚመስል ሳይሆን የሚሠራ እንፈልግ ተባባሉ።

መግዣውን ከየት እንዳመጣን ደግሞ ልንገርሽ። ለቆርቆሮው ብለን የምንቀልባቸው አራት ሙክቶች ነበሩን። አንቺ በላክሽው ገንዘብ የገዛናቸው ናቸው። ዓረፋ ሲቃረብ የደጋ በግ ቆላ ላይ እንደሚወደድ ወዳጆ ያውቃል፤ በመስቀል ማግስት እሱና እኔ ከጽናት ጋር ሆነን ቁልቁለቱን ነድተናቸው ወረድን። አንደኛው ሙክት ሙቀቱን ጠልቶ በየጥላው ይተኛብን ነበር። ወዳጆም «ተነሥ እንጂ፣ ልጅ ልታስተምር እኮ ነው የምትሄደው» ይለዋል። ሮቢት እንደደረስን ደህና ዋጋ አወጡ።

ዓብዱልቃድር ትሑት ልጅ ነው። «እናቴ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃም አስመጣልኝ። ጽናት ከተደረደሩት መካከል አንዱን መረጠች። ጥጉ ላይ ጫር ጫር ያለ ነው፤ ግን ቶሎ ይነሣል፣ ባትሪውም ይቆያል አለችኝ። እኔ ምኑን አውቄ። የማውቀው፣ በሬ ጠምደው ሳያዩት እንደማይገዛ ነው። ስለዚህ «ልጄ፣ ይህም ይጠመድና ይታይ» አልኩት። ወዳጆ አፍሮ ወደ ውጭ አየ። ዓብዱልቃድር ሳቀ፣ ግን አልናቀኝም። እስከ ኅዳር ሚካኤል ትሞክረው፣ ካልሠራ የበጎቹን ዋጋ እመልሳለሁ አለ። ዋስህ ማን ነው ስለው እዚያው የነበረችው ራህማ ቀደም ብላ «እኔ ነኝ እናቴ፤ ከራሷ በላይ እየተኛሁ የት እጠፋለሁ?» አለችኝ። በዚሁ ተስማምተን ከፈልንና ልጆቹ ወደ ትምህርታቸው ሄዱ። ያኔ ለአንቺ ያልነገርኩሽ ገና በሙከራ ላይ ስለነበረ ነው። ያልጸና ነገር አይወራም ብዬ።

አሁን ደግሞ የእኔን ሥራ ስሚ። ከቤት ሳልወጣ በፊት፣ ጽናት በነገረችኝ ልክ፣ ከበግ ጠጉር ከተሠራ ባና ቁራጭ ወፍራም ልብስ ሰፍቼለት ነበር፤ ከፊት የሚከፈት፣ ሆዱንና ጎኑን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ። ብርድ እንዳይመታው ስትሠሪበትም ቢሆን ከልብሱ አታውጪው ብዬ አደራ አልኳት። እዚህ እኛ ዘንድ ብርድ የማይመታው ምን አለ? ሰውንም፣ ጥጃንም፣ የተቦካ ሊጥንም ይመታል። ጽናት ደግሞ አደራ የማትበላ ልጅ ናት።

በጥቅምት አጋማሽ እያለቀሰች ደወለች። ዕቃው ትንሽ ይሠራና ድርግም ይላል፣ ብታስነሣው ደግሞ ያንኑ ይደግማል፤ ፈተናዋም ደርሷል። በማግስቱ አንቺ ደወልሽ። እፈርማለሁ ስትዪኝ በጎቹ ተሸጠዋል፣ ቆርቆሮው ቀርቷል፣ ዕቃው ሞቷል። አትፈርሚ ልልሽ አፌ አልከፈት አለኝ። ፈርሚ ልልሽም አንጀቴ እምቢ አለኝ። እንግዲህ ዝም ያልኩት ለዚህ ነበር።

ራህማ ዋስ መሆኗ ከንክኗት ለወንድሟ ደወለች። እሱም ቃሉን አላጠፈም፤ ላኩልኝ፣ ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። ከመላኩ በፊት ግን፣ ሲጠፋ ምን ላይ ተቀምጦ ነው ብሎ ጠየቃት። ራህማ ጎንበስ ብላ አየችና «ካፖርቱን እንደለበሰ ነው» አለችው። ለካስ ዕቃው የሚተነፍሰው በሆዱና በጎኑ ኖሯል። እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ሐሩር አልበቃ ብሎት በመንዝ በግ ጠጉር አፍኜዋለሁ። ልብሱን ሲያወልቁለት ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። ዓብዱልቃድር ለእኔም ደወለልኝና «እናቴ፣ ይህ ዕቃ መንዜ አይደለም፤ ብርድ አይፈራም» አለኝ። ይቅርታ ስለው፣ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ እንዲህ የታዘነለት ዕቃ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ወዳጆ እስከ ዛሬ ጋቢ በደረብኩለት ቁጥር «ተይኝ፣ ድርግም እንዳልል» ይለኛል።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰና ዕቃው የእኛ ሆነ። ራህማም ከዋስነቷ ወጣች። የባናው ልብስ አልተጣለም፤ ጽናት መንገድ ስትሄድ ብቻ ታለብሰዋለች። የቀሩት ልጆች ተዋጥተው ሶኬቱን የሚያበዛ ዲቫይደር ገዝተዋል። ጽናት ፈተናዋን ደህና አድርጋ ሠርታለች። አሁን የሰው ፊት አታይም። እንዲያውም ፍላሽ ይዘው ወደ እሷ የሚመጡ አሉ አለችኝ፤ ፊትሽን እንዳታጠቁሪባቸው ብያታለሁ።

የቀረው የቤቱ ነገር ነው። ዘንድሮ የጓሳው ሜዳ ለክዳን ሣር አጨዳ ይከፈታል። ለዓመታት ተከልክሎ የቆየ ስለሆነ ሣሩ ወገብ ደርሷል ይላሉ ያዩት። ከጥምቀት በኋላ ቀኑ ሲነገር ወዳጆና ልጃችን ምስክር ለአጨዳ ይወጣሉ፤ መኳንንትም ለጭነት ፈረሱን ያውሰናል። የጓሳ ሣር በወጉ ከተከደነ አንቺም እኔም እስክናረጅ ያኖረናል። ቆርቆሮው ቀረ ብለሽ አትዘኚ። እምዬ እንኳ፣ ቆርቆሮ በዝናብ ይጮኻል፣ የቀረችኝን ጆሮ አታስወስዱኝ ብላ ከድሮም አልወደደችውም።

ባዶ እጄን አልመጣም ላልሽው፣ ላፕቶፑ የተገዛው በአንቺው በጎች ነው። እኛ ነድተን ብናወርዳቸውም የገዛሽላት አንቺ ነሽ። ጽናትም እንደዚሁ ነው የምታወራው፤ ለጓደኞቿ «የአክስቴ ላፕቶፕ» ነው የምትለው። እዚህ ደግሞ እጅሽን የሚፈትሽ የለም። ከመጣሽ በኋላ ምን እንደምትሠሪ ቁጭ ብለን እናስባለን፤ አሁን አውቄዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ግን እዚያ ለብቻሽ ከምታስቢው እዚህ ሆነን ብናስበው ይሻላል።

እምዬ በሁለት እጇ ትስምሻለች፤ ድምፅሽን በስልክ መስማት አልቻልኩምና ፊትሽን አምጪልኝ ብላለች። ወዳጆ ሰላም ይልሻል፤ ስትመጪ ለራሱ የሚሆን ኮፍያ እንዳትረሺ ብሏል። ምስክር ቁመቱ አባቱን አልፏል፤ ሳታውቂኝ ታልፊኛለሽ ብሎ ይስቃል። ጽናት ከድሬዳዋ ሰላም ብላሻለች፣ ራህማም ባታውቅሽም ሰላም በሉልኝ ብላለች። ጎረቤቱ ሁሉ በየስሙ ይጠይቅሻል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ወዳጆ ክዳኑን እስከ ጫፍ ይጨርሳል፤ ጉልላቱን ግን አንቺ ሳትመጪ አያስቀምጥም፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ጫፉ ክፍት ሆኖ ይጠብቅሻል። እንግዲህ የበልግ ዝናብ ሳይቀድምሽ ድረሺ።

እኅትሽ አየለች
ሞላሌ አጠገብ
ኅዳር 17 ቀን 2007 ዓ.ም.